ውስን ገንዘብ ይዞ ካሜራ መግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ፎቶ ማንሳት ለሚወዱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። እንጀራቸው ፎቶ ለሆነ ባለሙያዎች አይደለም። ጥያቄዎቹ ካሜራ ይዤ ያየኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ናቸው። ዋጋ በብር አልጻፍኩም። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የካሜራ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል።

ስልኬ ጥሩ ፎቶ ያነሳል። ካሜራ የግድ ያስፈልገኛል?

ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ፎቶዎቻችሁ ቀን በብርሃን የሚነሱና ቴሌግራም ላይ የሚቀሩ ከሆነ ስልካችሁ ይበቃል። ገንዘባችሁን ያዙት።

ልዩነቱ የሚታየው ብርሃን ሲያንስ፣ ሰው ሲንቀሳቀስና ከርቀት ስታነሱ ነው። አንድ ምሳሌ ላንሳ። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ በስልክ "ፖርትሬት" የተነሳ ፎቶ ካላችሁ አስፍታችሁ እዩት። ከካህኑ ጥላ ዙሪያ የተንጠለጠለው ዘርፍ ግማሹ ከጀርባው ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። ስልኩ ጀርባውን ብዥ የሚያደርገው በሌንስ ሳይሆን በስሌት ነው። የቱ ጸጉር፣ የቱ ክር፣ የቱ ሰማይ እንደሆነ ይገምታል። አፍሮ ጸጉር ላይና የነጠላ ጫፍ ላይ ግምቱ ቶሎ ይሳሳታል። ካሜራ ላይ ብዥታው የሚመጣው ከሌንሱ ስለሆነ ክሩ ክር ሆኖ ይቀራል፣ ጸጉሩም ጸጉር።

የሁሉም መሠረት ሴንሰሩ ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው እሱ ነው። በርካሽ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለውና ሌንሱ የሚቀየር) ካሜራዎች ውስጥ ያለው ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ሴንሰር ወደ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ይሆናል። በብዙ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ደግሞ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በስፋት ሲሰላ ልዩነቱ ወደ 13 እጥፍ ነው። የዛሬ ጥሩ ስልኮች በሁለቱ መካከል ይገኛሉ። ስለዚህ የድሮ የኪስ ካሜራ ገዝታችሁ ከስልካችሁ የተሻለ ፎቶ አትጠብቁ። ካሜራ ከገዛችሁ ሌንሱ የሚፈታና የሚቀየር ይሁን።

ስንት ሜጋፒክስል ይበቃል?

ኤ4 ወረቀት ላይ በጥራት ለማተም 9 ሜጋፒክስል አይሞላም የሚያስፈልጋችሁ። 4ኬ ቴሌቪዥን ላይ ለማየት 8 ነጥብ ምናምን በቂ ነው። ከ10 ዓመት በፊት የወጡት ርካሽ ካሜራዎች 18 ወይም 24 አላቸው። ይህን ቁጥር እርሱት።

እሺ፣ የትኛውን ሞዴል ልግዛ?

እኔን ከጠየቃችሁ ያገለገለ ኒኮን ዲ3300 ወይም ያገለገለ ካኖን 700ዲ።

ዲ3300 በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 24 ሜጋፒክስል አለው፣ ቀላል ነው፣ ባትሪው ይቆያል። ትልቁ ብልጫው በሮው (ሴንሰሩ ያየውን ሁሉ ሳይነካ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ስታነሱ የጨለመውን ቦታ ቆየት ብላችሁ በኤዲቲንግ ማብራት መቻላችሁ ነው። ቀትር ላይ ከባርኔጣ ሥር የጠቆረ ፊት ሲያጋጥማችሁ ይሄ ነገር ያድናችኋል። በዚህ በኩል በዚያው ዘመን የነበሩት 18 ሜጋፒክስል ካኖኖች አይደርሱበትም።

700ዲ በ2013 የወጣ ነው። ስክሪኑ ተገልብጦ ይዞራል፣ በጣት ይነካል፣ ሜኑው ለጀማሪ ቀላል ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ካኖን ያላቸው ሰዎች በዙሪያችሁ ብዙ ናቸው። ሌንስ ትዋዋሳላችሁ፣ ባትሪ ትዋዋሳላችሁ፣ ሲጨንቃችሁ ትጠይቃላችሁ። ይሄ ከካሜራው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይበልጣል። የቅርብ ጓደኛችሁ ካኖን ካለው ካኖን ግዙ፣ ኒኮን ካለው ኒኮን።

ገንዘባችሁ ከዚያ ካነሰ ካኖን 600ዲ ወይም ኒኮን ዲ3200 ፈልጉ። የ2011 እና የ2012 ካሜራዎች ናቸው። አሁንም ፎቶ ያነሳሉ።

ስሙ ላይ እንዳትምታቱ። ካኖን አንዱን ካሜራ በየአገሩ በሌላ ስም ይሸጣል። 600ዲ አሜሪካ ውስጥ ሬብል ቲ3አይ ነው። 700ዲ ደግሞ ሬብል ቲ5አይ፣ ጃፓን ውስጥ ኪስ ኤክስ7አይ ይባላል። ካሜራው አንድ ነው። ሻጩ "የአሜሪካው ይሻላል" ብሎ ጨምሩ ካላችሁ አትስሙት።

ካኖን 4000ዲ እና 2000ዲ አዲስ ናቸው፣ ዋጋቸውም ደህና ነው። እነሱስ?

4000ዲን አልመክርም። አዲስ መሆኑ ያጓጓል፣ ካርቶኑም ያምራል። ነገር ግን ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ብረት ነው። ስክሪኑ ትንሽና ደብዛዛ ነው። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሸጠው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስም (ቁጥሩ ሲጨምር ከርቀት ያስጠጋል) የእጅ መንቀጥቀጥ የሚቀንሰው ነገር የለውም። በካኖን ሌንስ ላይ "አይኤስ"፣ በኒኮን ሌንስ ላይ "ቪአር" የሚል ምልክት ካለ ያ ነገር አለው ማለት ነው። ፈልጉት።

2000ዲ ከእሱ ይሻላል። 24 ሜጋፒክስል ነው። አንድ ጉድለቱን ግን ሻጮች አይነግሯችሁም። ከላይ ፍላሽ የሚገጠምበት ቦታ ላይ መሃል ላይ መኖር የነበረባት ክብ የብረት ነጥብ የለችም። ካኖን ከ2018 ጀምሮ በአንዳንድ ርካሽ ሞዴሎቹ ላይ አስቀርቷታል። ስለዚህ የሌላ ኩባንያ ርካሽ ፍላሽና ትሪገር (ፍላሽን ከርቀት የሚያስበራ ዕቃ) ብዙዎቹ አይሠሩበትም። ወደፊት ከፍላሽ ጋር መጫወት ካሰባችሁ ይሄ ያናድዳል።

ዲኤስኤልአር ጊዜው አልፎበታል ይባላል። ሚረርለስ ልግዛ እንዴ?

ካኖንም ኒኮንም ከ2018 ጀምሮ ትኩረታቸውን ወደ ሚረርለስ (ያ መስታወት ወደሌለው ካሜራ) አዙረዋል። እውነት ነው። ለእኛ ግን ይሄ የምሥራች ነው። በሌላው ዓለም ሰው ዲኤስኤልአሩን እየሸጠ ወደ ሚረርለስ ሲሄድ ጥሩ ጥሩ ካሜራና ሌንስ በርካሽ ገበያ ላይ ይወድቃል። ካሜራው ትናንት ያነሳው የነበረውን ፎቶ ዛሬም ያነሳል።

ባትሪውንም አስቡ። በካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ ወደ 1,550 ፎቶ ያነሳል። ሶኒ ኤ6000 ወደ 360። መብራት እንደልብ በማይገኝበት መንገድ ላይ ሦስት ቀን የሚቆይ ሰው ይሄ ቁጥር ይገባዋል።

ሚረርለስ የሚሻለው ክብደት ለሚያስመርረው፣ ቪዲዮ ለሚበዛበትና ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ብርሃኑን በመመልከቻው ውስጥ ማየት ለሚፈልግ ነው። ለእነዚህ ያገለገለ ሶኒ ኤ6000 ጥሩ ነው። ሶኒ ስትገዙ ግን ሜኑውን ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ቋንቋቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፣ አይቀየርም። "አዲስ ካልሆነ አልገዛም" የምትሉ ካላችሁ ደግሞ በ2023 የወጣው ካኖን አር100 አለ። ሲወጣ ቦዲው (ያለ ሌንስ ካሜራው) ብቻ 480 ዶላር ነበር። ስክሪኑ በጣት አይነካም፣ አይገለበጥም። ፎቶው ግን ጥሩ ነው።

ከቦዲው ይልቅ ሌንስ ላይ ማውጣት ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ።

እሁድ ከሰዓት ቤት ውስጥ ቡና ይፈላል እንበል። ብርሃን የሚገባው በአንድ መስኮት ብቻ ነው። ልጅቷ ጀበናውን ዘንበል አድርጋ ትቀዳለች፣ እጣኑ ይጨሳል። ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ 55 ላይ ስታደርሱት አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። በሰከንድ 60ኛ (1/60) ለማንሳት አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት ቁጥር) 6400 ጠየቃችሁ እንበል። በድሮ ካሜራ 6400 ላይ ፊቷ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የጀበናው ጥቁረትም ወደ ግራጫ ይሄዳል። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብትገጥሙ የሚገባው ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ይጨምራል። አይኤስኦ 640 ይበቃችኋል። ካሜራው ያው ነው። ፎቶው ግን ሌላ ነው። ጀበናው ጥቁር ይሆናል፣ የሲኒው ጠርዝ ነጭ ይሆናል፣ የእጣኑ ጭስ ከጨለማው ግድግዳ ተለይቶ ይታያል። የልጅቷ ዓይን ጥርት ብሎ፣ ከኋላዋ ያለው ሶፋና ቴሌቪዥን ደግሞ ብዥ ብሎ ይቀራል።

ይሄ 50 ኤፍ 1.8 በየኩባንያው ከሚሸጡት ሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ካኖን ከሆናችሁ በ2015 የወጣውን "ኤስቲኤም" የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። ከበፊቱ ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ መግጠሚያውም ብረት ነው። ዮንግኑኦ የሚባለው የቻይናው ቅጂ ደግሞ ከዚያም ይረክሳል። ትኩረቱ አንዳንዴ ይስታል እንጂ ለመማሪያ ይሆናል።

50 በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ትንሽ ይጠባል። ካኖን ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር ሆኖ ነው የሚያሳየው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ለሰው ፊት ግሩም ነው፤ ለቤተሰብ ግሩፕ ፎቶ አይሆንም። ኒኮን ያላችሁ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክስ የሚባል ርካሽ ሌንስ አላችሁ፣ ቤት ውስጥ ልክ ነው። ካኖን ላይ ለጠባብ ቤት 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም አለ። እንደ 50ው ብርሃን አያስገባም እንጂ በጣም ቀጭን ነው።

ሌንሱ ካሜራዬ ላይ ይገባል ወይ?

ካኖን ላይ ቀላል ነው። "ኢኤፍ" እና "ኢኤፍ-ኤስ" የሚሉት ሁሉ እስካሁን በጠቀስኳቸው የካኖን ዲኤስኤልአሮች ላይ ይገባሉ፣ ይሠራሉም። አር100 መግጠሚያው ሌላ ስለሆነ አስማሚ ይፈልጋል።

ኒኮን ላይ ተጠንቀቁ። በዲ3000 እና በዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ቦዲ ውስጥ ትኩረት የሚያንቀሳቅስ ሞተር የለም። ስለዚህ ሌንሱ የራሱ ሞተር ሊኖረው ይገባል። "ኤኤፍ-ኤስ" የሚል ካለበት አለው። "ኤኤፍ" ብቻ ወይም "ኤኤፍ" ብሎ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ "ዲ" ካለበት የለውም፤ ይገጠማል ግን በእጃችሁ ነው የምታተኩሩት። በጣም የሚረክሰው የኒኮን 50 ሚሊሜትር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። "ኤኤፍ-ፒ" የሚሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ዲ3200 ላይ ጭራሽ አያተኩሩም። ዲ3300 ላይ የካሜራው ሶፍትዌር አፕዴት መደረግ አለበት።

ያገለገለ ካሜራ ስገዛ ምን ልመልከት?

ሻጩ "ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው" ይላችኋል። ይበል። እናንተ የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀን በብርሃን ሂዱ፣ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ሌንሱን ፍቱት። የስልካችሁን ባትሪ መብራት ከአንድ ጫፍ አብርታችሁ በሌላኛው እዩ። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው። ተዉት። ሻጋታ ሌንሱን ይበላዋል፣ አብሮት ቦርሳ ውስጥ ያለውንም ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ ዙሙን አዙሩ። አሸዋ የገባበት ሌንስ ሲዞር በእጃችሁ ይሰማችኋል።

ሌንሱን መልሳችሁ ግጠሙና አፐርቸሩን ኤፍ 16 ወይም 22 አድርጉት። ሰማዩን ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አስፍታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ሂዱበት። ጥቁር ነጠብጣቦች የሴንሰር አቧራ ናቸው፣ ይጸዳሉ፤ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙባቸው። ቀጭን መስመር ሆኖ ቦታውን የማይለቅ ነገር ግን ጭረት ሊሆን ይችላል። ያኔ ምስጋና አቅርባችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ግጠሙና በ30 ሰከንድ አንድ ፎቶ አንሱ። ጥቁር መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ቀይ ወይም ነጭ ነጥብ የተለመደ ነው፤ ከዋክብት የሞላበት ሰማይ ከሆነ ሴንሰሩ ደክሟል። ከዚያ በጣም ፈጣኑን ሹተር ስፒድ (ከሴንሰሩ ፊት ያለው መጋረጃ ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት) ሞክሩ። ዲ3300 ላይ የሰከንድ 4000ኛ ነው። የፎቶው አንድ ጎን ከጠቆረ ሹተሩ ሊሞት ነው። ፍላሹን ብድግ አድርጉት፣ ይብራ። እያንዳንዱን በተን ተጫኑ። የባትሪው በርና የካርዱ በር በደንብ መዘጋታቸውን እዩ። በካርዱ ማስገቢያ ውስጥ የታጠፈ ሽቦ ካለ ችግር ነው።

የሹተር ቁጥሩ ካሜራው በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንዳነሳ ይነግራችኋል። ኒኮን ይህን ቁጥር ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። ኦሪጅናሉን ፋይል ወስዳችሁ በነፃ ፕሮግራም ማየት ትችላላችሁ። ካኖን በጄፔጉ ውስጥ አይጽፍም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ይጠይቃል። ኒኮን ዲ3300ን የሞከረው 100,000 ጊዜ አስነስቶ ነው። 20 ወይም 30 ሺህ ላይ ያለ ካሜራ ገና ነው። 100 ሺህ አካባቢ ያለው ነገ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። የሰርግ ፎቶ ቤት ሲሠራበት የኖረ ካሜራ ይሄን ቁጥር ቶሎ ይሞላል። መያዣው ላይ ያለው ጎማ የለሰለሰና የተላቀቀ ከሆነ ብዙ እንደሠራ ዕወቁ፣ ሻጩ ምንም ቢል።

በቴሌግራም ያያችሁትን ካሜራ በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" ቢሏችሁም ይውሰደው። ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። ካርቶንና ደረሰኝ ካለ ከካሜራው ሥር ያለውን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ። የተሰረቀ ካሜራ በርካሽ ገዝቶ የሰው ልፋት ላይ መደሰት አይገባም።

ኦንላይን ላይ "4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል" የሚል በጣም ርካሽ ካሜራ አየሁ። ይሻላል?

አይግዙት። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት ኩባንያ፣ ዲኤስኤልአር የሚመስል ቅርጽ፣ ትልቅ ቁጥር፣ ትንሽ ዋጋ። ውስጡ ከርካሽ ስልክ ሴንሰር የሚያንስ ነው። 48 የሚለው ቁጥር ትንሿን ፎቶ በሶፍትዌር ከመለጠጥ የመጣ ነው። በዚያው ገንዘብ ያገለገለ 600ዲ ፈልጉ።

ወፍና የዱር እንስሳ ማንሳት እፈልጋለሁ። ምን ያህል ዙም ያስፈልገኛል?

እንስሳው ምን ያህል እንደሚያስጠጋችሁ ይወሰናል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ በጥቂት ሜትር ርቀት ይቀመጣሉ። 18-55ም ይበቃል። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ ከአጠገባችሁ ይቆማል፤ እዚያም ትልቅ ሌንስ አያስፈልግም፣ ምንቃሩንና ራሰ በራውን ለመሙላት 50 ሚሊሜትር ያዋጣል። የባሌውን ቀይ ቀበሮ ግን ከሩቅ ነው የምታዩት።

ለመጀመር ካኖን 55-250 አይኤስ ወይም ኒኮን 55-200 ቪአር ግዙ። ያገለገለው ርካሽ ነው። 250 በካኖን ላይ እንደ 400 ሆኖ ያስጠጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ። ግቢያችሁ ካለው ዛፍ ጀምሩ። ጠዋት፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና፣ ሹተሩ የሰከንድ 1000ኛ ላይ።

ቪዲዮም እፈልጋለሁ።

እንግዲያው ካኖን 200ዲ ፈልጉ። በ2017 የወጣ ነው። ቪዲዮ ላይ ፊት እየተከተለ በራሱ ያተኩራል፣ ስክሪኑ ይገለበጣል፣ ማይክ መሰኪያ አለው። 600ዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ በራሱ እየተከተለ አያተኩርም፤ ፋይሉ 4 ጊጋ ሲሞላም፣ ወደ 12 ደቂቃ ላይ፣ ያቆማል። ኤ6000 ማይክ መሰኪያ የለውም። ለዩቲዩብ የምትሠሩ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ ዕወቁ።

ካሜራውን ገዛሁ፤ ፎቶዬ ግን ከስልኬ የከፋ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። በጣም ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። ስልኩ ፎቶውን ካነሳ በኋላ ራሱ ያበራል፣ ጥርት ያደርጋል፣ ቀለም ይጨምራል። ካሜራው ብዙውን ለእናንተ ይተዋል።

አንድ ነገር ቶሎ ተማሩ፦ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን በተን። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ፍሬሙ በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ ሲሞላ "በዛ" ብሎ ያጨልመዋል። ነጩ ይቆሽሻል፣ ፊትም ይጠቁራል። ያኔ ወደ መደመር፣ 0.7 ወይም 1 ውሰዱት። በተቃራኒው ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ፍሬሙን ሲሞላና ጀርባው ጨለማ ሲሆን ካሜራው ያለልክ ያበራዋል፣ ቆዳው አመድ ይመስላል። ያኔ ወደ መቀነስ ሂዱ። የሰው መልክ በትክክለኛ ቀለሙ መውጣት አለበት። የሰዎቻችንን ፎቶ ስናነሳ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሰዓቱንም ምረጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናት ትወርዳለች፣ ዓይን ሥር ጥላ ይሞላል። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት ከአሥር በኋላ አንሱ። በቀትር ግድ ከሆነ ሰውየውን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ጥሩት። ለጓደኛ ፎቶ ስትልኩ ደግሞ ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፣ ልፋታችሁ ይቀራል።

ከካሜራው ሌላ ምን ልግዛ? ምን አልግዛ?

ሚሞሪ ካርድ 32 ወይም 64 ጊጋ ይበቃል። ፎርጅድ ካርድ በጣም ብዙ ነው። ላዩ 128 ይላል፣ ውስጡ 8 ነው፤ ሲሞላ ፎቶዎቻችሁን ይበላል። አዲስ ካርድ ስትገዙ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ ፊልም ገልብጡበትና ፋይሎቹ መከፈታቸውን እዩ። ሠርግ ወይም ክርስትና ላይ ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። ሁለተኛ ባትሪ ግዙ። በእጅ ተጨምቆ አየር የሚነፋ የጎማ አቧራ ማራገፊያም ግዙ። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፣ ምራቅ ይረጫል።

ሌንሱ ፊት የሚገጠሙ "ዋይድ" እና "ቴሌ" የሚሉ ርካሽ መስታወቶችን አትግዙ። ፎቶውን ያደበዝዙታል። ሌንሱን ለመከላከል ተብሎ ከፊቱ የሚገጠመውን ርካሽ ዩቪ ፊልተርንም አልወደውም። የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ስታነሱ የእሳቱ ምስል ተገልብጦ ሰማዩ ላይ ይታያችኋል። ያንን የሚያመጣው እሱ ነው። ለመከላከያ ከፊት የሚገጠመው የፕላስቲክ ጥላ ይሻላል።

አቧራና እርጥበት እንዴት ልከላከል?

ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን ወደ መሬት ድፉት፣ ጀርባችሁን ለነፋስ ስጡ። ክረምት ላይ ካሜራውን ለወራት ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አታስቀምጡ፤ አውጡት፣ ፀሐይ ባለበት ቀን አንሱበት። ሻጋታ የሚወደው ጨለማና እርጥበት ነው። ዱባይ፣ ጅዳ ወይም ዶሃ ያላችሁ ደግሞ ከኤሲ ቤት ወደ ውጭው ወበቅ ስትወጡ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ አውጡት፣ ሙቀቱን እስኪለምድ ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱት።

ሰው ሳነሳ ፈቃድ ልጠይቅ?

ጠይቁ። ካሜራ ከስልክ ይልቅ ሰው ያስደነግጣል። ሰላምታ ስጡ፣ ካነሳችሁ በኋላ አሳዩአቸው፣ ላኩላቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በተለይ ላሊበላና ጥንታዊ ሥዕል ባለበት፣ ፍላሽ አታብሩ። የጦር ካምፕና የጥበቃ ቦታ አታንሱ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ ሰውን ያለፈቃዱ ማንሳት በሕግ ያስቀጣል። እዚያ ያላችሁ ይሄን ቀልድ አታድርጉት።

ዘመዴ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። ካሜራ ያምጣልኝ?

ያምጣ። እዚያ ኬኢኤች እና ኤምፒቢ የሚባሉ ያገለገለ ካሜራ ብቻ የሚሸጡ መደብሮች አሉ። ኒው ዮርክ ያለው ቢ ኤንድ ኤችም ያገለገለ ይሸጣል። የእያንዳንዱን ዕቃ ሁኔታ በደረጃ ይጽፋሉ፣ መመለሻ ቀንም አላቸው። መካከለኛ ደረጃ የተሰጠው ብዙ ጊዜ ላዩ የተፋተገ እንጂ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ ውድ የሆነውን አትምረጡ። ዋስትናው እዚያው አገር ብቻ ሊሠራ እንደሚችል ግን አስቡ።

ስለ መብራቱ አትጨነቁ። ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ካለ ሶኬቱን የሚቀይር ትንሽ መሰኪያ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ትራንስፎርመር አያስፈልግም። ትርፍ ባትሪዎቹን ዘመዳችሁ በእጅ ቦርሳው ይያዝ። ሊትየም ስለሆኑ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም።

ዕቃው እጁ እንደገባ ደግሞ ባትሪውን አስገብቶ ሁለት ፎቶ ያንሳላችሁ። አንዱን ሰማይ ላይ በኤፍ 22፣ ሌላውን የሰው ፊት ላይ። እንደ ፋይል ይላክላችሁ። አቧራውንም፣ ትኩረቱንም፣ ኒኮን ከሆነ የሹተር ቁጥሩንም ከዚህ ሆናችሁ ታያላችሁ። ችግር ካለው መመለሻው ቀን ሳያልፍ እዚያው ይመልሰው።